አሸዋ ላይ የሚነበቡ ልብወለዶች

ሰኞ 2

የባህር ዳርቻዋ ኪዮስክ ዘንድሮም እኔ ላይ ወደቀች። አለቃዬ፣ የመጻሕፍት መደብራችን ባለቤት፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠራችኝና የአምናውን ጉድ አነሳችብኝ።

«ሰው አረፍ ልበል ብሎ አሸዋ ላይ ይጋደማል፤ አንቺ የመረጥሽለትን ይዞ ሲነፋረቅ ይውላል። አንዲቱማ መጽሐፉን ጨርሳ፣ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤቷ ተመለሰች እኮ!»

ሳቀች። ግን እየቀለደች አልነበረም። ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ ኪዮስኳን ለአይስክሬም ሻጩ ታከራያታለች፤ እኔም ወደ መጋዘን እመለሳለሁ። መጋዘኑ መስኮት የለውም።

ስለዚህ የዘንድሮው ልብወለድ በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን። ምዕራፉ ይጠር፤ ሰው ዋኝቶ ሲመለስ የት እንደደረሰ አይጥፋበት። ማጣበቂያው በሙቀት አይልቀቅ። ሰው ቢሞትበትም መጀመሪያ ላይ ይሙት፣ እሱም ማንም የማይወደው ሰው ይሁን። መጨረሻው ያማረ ይሁን።

ሁሉንም ማንበብ አልችልም። የኋላ ሽፋኑን አያለሁ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አነባለሁ፣ እፈርዳለሁ። ደራሲዎቹ ቢያዩኝ ይረግሙኛል።

ዓርብ 6

አባዬ መጣ። እማዬ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ በጋውን ብቻውን እንዲገፋው አልፈለግኩም። አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዞ ከታክሲ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድም መጽሐፍ አልያዘም።

«ምነው አባዬ?» አልኩት።

«ያንቺ ቤት መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?» አለና ሳሎን ውስጥ የከመርኳቸውን አያቸው። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ሽፋኑ ላይ የምትስቅበትን አንስቶ አገላበጠው። «ይሄ ልብወለድ ነው የፀሐይ ቅባት ማስታወቂያ?»

አማቴ ከክፍላቸው ወጡ። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ባሌ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ የእኔና የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

«እንደምን ሰነበቱ መምህር?»

«ደህና፤ እርስዎስ ወይዘሮ?»

ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። እንደ ሁለት አገር አምባሳደሮች።

አማቴ ሻይ አፈሉለት። ጨው ነበረበት። አባዬ ፊቱን ሳያጨማድድ እስከ መጨረሻው ጠጣው። እኔ ግን መልእክቱ ገባኝ፤ እንግዳዬን አልወደዱትም። በጨው ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር!

ረቡዕ 11

በችኮላ። ኪዮስኳ ተከፈተች። በሯን የባህሩ ጨው በልቶት አልከፈት ቢለኝ ጎረቤቴ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋናተኞቹን የሚጠብቀው ሰውዬ፣ በትከሻው ገፋልኝ።

የዛሬ ደንበኞች፦

«የሚያስቅ ስጪኝ። የሚያስለቅስ ቤቴ ሞልቷል።»

«ወንዱ ባሌን የማይመስልበት አለሽ?»

«ገዳዩ ማን እንደሆነ ይነገራል? አምና አንድ ገዝቼ ሳይነገረኝ ቀረ።»

ብዙም አልተሸጠ። እግሬ ተቃጥሏል።

ቅዳሜ 14

አልገባኝም። በጭራሽ አልገባኝም።

ከሥራ ስመለስ አማቴን ዳቦ ቤቱ ጥግ አየኋቸው። በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ። እጄን አነሳሁ፣ ፈገግ አልኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ እንደማያውቁኝ ሰው አለፉኝ! እጄ እንደተነሳ ቀረ። ዳቦ ሻጩ አይቶኝ ፊቱን አዞረ፤ እሱ አፈረልኝ።

ምን አደረግኩ? ቤት ስገባ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «መጣሽ?» አሉኝ። «መጣሁ» አልኳቸው። ምን እላለሁ?

በዚያ ላይ ግድግዳው አለ። ሰሞኑን በኮሪደሩ ሲያልፉ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። አቧራ እየፈለጉብኝ ነው። ትላንት ሳሙናና ጨርቅ ይዤ ከላይ እስከ ታች አጠብኩት። ዛሬም ጎተቱ።

ለባሌ በስልክ ነገርኩት። «እናቴ እንደሱ አይደለችም» አለኝ። ከዚያ የጎማ ነገር አንስቶ አወራኝ።

ሐሙስ 19

ደስ የሚል ነገር ልጻፍ። አባዬ ማንበብ ጀምሯል! ማታ ማታ ከቁልሉ አንድ ይወስዳል፣ በነጋታው ፍርዱን ይዞ ይመጣል። ለተማሪዎቹ ያለቅሱ ዘንድ መርጦ ያስተምር የነበረው ሰውዬ አሁን «መጨረሻው ደስ ይላል፤ ግን ሠርጉ ቶሎ መጣ፤ ትንሽ ቢያሰቃዩን ጥሩ ነበር» ይለኛል።

ስለ አንዱ ወፍራም መጽሐፍ ስጠይቀው እጁን አወራጨ።

«እሱን ተዪው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንቅልፍ ወሰደን።»

«ወሰዳችሁ?»

«ወሰደኝ።»

በእሱ ፍርድ ኪዮስኳ ፊት ያደረግኳቸው ሁሉ ይሸጣሉ። እኔ በሽፋን የመረጥኳቸው እዚያው ፀሐይ እየበላቸው ነው። ደንግጫለሁ፤ በደስታ ቢሆንም ድንጋጤ ድንጋጤ ነው።

አማቴ ጠረጴዛ ላይ ካለው አንዱን አንስተው «ሽፋኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉኝ። በእጃቸው ይዘውት! «ቢጫ ነው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ልብወለድ ምርጫዬ ላይ እያሾፉ ነው። እሺ፤ ያሹፉ።

ማክሰኞ 24

አለቃዬ ደወለች። «ምን በልተሽ ነው?» አለች። የባርኔጣዋ ሴት አልቃ እንደገና አስመጥተናል። አዛውንት ጥንዶች መርከብ ላይ የሚጠፋፉበትም እያለቀ ነው።

ቤት ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። አባዬ ድምፁ ጎርንኗል። «የባህሩ ነፋስ ነው» ይላል። ጠዋት ጠዋት ለእግር ጉዞ ይወጣል፣ እስከ ምሳ አይመለስም። አማቴም ይወጣሉ። የት እንደሚሄዱ ስጠይቅ «አየር ልቀበል» ይላሉ። ጥልፋቸውን ትተዋል፤ ከሠርጋችን በፊት የጀመሩት የጠረጴዛ ልብስ ሳይጨርሱት መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። «ሰለቸኝ» ነው መልሳቸው። ግን ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ። ትላንት ብቻቸውን ቆመው ሳቁ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ የሰማሁት መጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ 28

ረፋዱ ላይ ጠባቂው ውሃ ሊጠጣ ወደ ኪዮስኳ መጣ። «አባትሽና እናትሽ ደስ ሲሉ!» አለኝ። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ተዋድዶ መኖር።»

«እናቴ ሞታለች» አልኩት።

ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ በእጁ ወደ ቋጥኞቹ አመለከተኝ። «ታዲያ እዚያ... እኔ እኮ በየቀኑ ስለማያቸው...»

ኪዮስኳን ሳልዘጋ ሄድኩ። ከቋጥኞቹ ባሻገር፣ ሰው በማይበዛበት፣ የአባዬ ጃንጥላ ተተክሏል። ከሥሩ አባዬ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነባል። አማቴ አጠገቡ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ወደ እሱ ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም ሳቃቸውን ለቀቁት። አማቴ በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ አባዬ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አደረገና እንዲህ አለ፦

«አንቺ፣ ፀሐይ መታሽ እኮ። ጠጋ በይ።»

አንቺ!

ክው አልኩ። እግሬ አሸዋው ውስጥ ተተከለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ ወይዘሮ» ሲል የኖረ ሰው። እማዬን እንኳ ሰው ፊት «አንቺ» ለማለት ያፍር የነበረ ሰው። እማዬ ገና ዓመቷ ሳይሞላ!

እሱ አላየኝም። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ አማቴ ግን ዓይናቸውን ገልጠው በቀጥታ ወደ ቆምኩበት ዞረው ነበር። አይተውኝም አልደነገጡም። ይሄን ያህል ድፍረት አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ 3

ለአምስት ቀን ያህል ውጬው ኖሬ ዛሬ ተፋሁት። አማቴ ተኝተው ስለነበር በረንዳው ላይ ነው ያወራነው።

«ሰው እያወራ ነው አባዬ።»

«ምን ብሎ?»

«አንተና እሳቸው...» መጨረስ አቃተኝ።

መነጽሩን አወለቀ። በጣም አርጅቶ ታየኝ። «ልጄ፣ የማታውቂው ነገር አለ።»

«ማወቅ አልፈልግም።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፤ አለዚያ...»

ቃል ሰጥቻለሁ! ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ቃል ኪዳን ደረጃ ደርሰዋል ማለት ነው። የባሌ እናት ናቸው፣ የእማዬ አፈር ገና አልደረቀም፣ እኔ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ፣ አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። አባዬ እስክጨርስ ዝም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ረባሽ ተማሪ እስኪጨርስ ዝም ሲል ነው የኖረው።

«ከነገ ጀምሮ አብረሃቸው እንዳትወጣ» አልኩት።

«እሺ» አለ። «ግን ብቻቸውን እንዳይወጡ ተቆጣጠሪ።»

ቅናት! በዚህ ዕድሜ! ለአማቴ ምንም አልተናገርኩም። ከእሳቸው ጋር ማውራት ብቻ ነው የተውኩት።

እሑድ 6

አባዬ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ነው። መጽሐፍ ስሰጠው አመስግኖ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ያለ እሱ ፍርድ ሦስት መረጥኩ። አንዱን በሰዓታት ውስጥ መለሱት፤ ውሻው ይሞታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ውሻ አልነበረም፤ ለካ ሞቶ ነው ያልነበረው።

አማቴ ዛሬ ማለዳ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው «መምህር አሟቸው ነው?» አሉ። «ደህና ነው» አልኳቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። ትንሽ ቆሙ። «አንቺስ?» አሉ። ውሃ እየቀዳሁ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ 8

አማቴ ባህር ውስጥ

ሆስፒታል ነን። በሕይወት አሉ። በኋላ እጽፋለሁ።

ዓርብ 11

አሁን ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ማክሰኞ ነፋስ ነበር፤ ጠባቂው ቀይ ባንዲራ ሰቅሎ ማንም እንዳይዋኝ ከልክሏል። እኔ ኪዮስኳ ውስጥ አሸዋ ከመጻሕፍቱ ላይ አራግፋለሁ። ፉጨቱን ሰማሁ። ቀና ስል ጠባቂው ከወንበሩ ዘሎ ይሮጣል። ሰው ይጮሃል። «ልብሷን እንደለበሰች ገባች! ዝም ብላ ገባች!»

የሆነች ያዘነች ሴት ናት ብዬ አሰብኩ። ዘግንኖኝ እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ማዕበሉ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ወደ ላይ አነሳ፣ መልሶ ዋጠው። ሹራቡን አውቀዋለሁ። ለልደታቸው የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ጠባቂው በብብታቸው ይዞ ጎትቶ አወጣቸው። አሸዋው ላይ በጎን አስተኝቷቸው ውሃ ያስመልሳሉ። ፊታቸው ላይ ጎንበስ አልኩ፤ በመካከላችን አንድ ስንዝር የለም።

«እማማ! እማማ!»

ዓይናቸው ክፍት ነው። ግን እኔን አያይም። በጭራሽ አያይም። እጃቸው ተነስቶ አገጬን፣ አፍንጫዬን፣ ግንባሬን ዳሰሰ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ኪዮስክሽን ስፈልግ ነው። የባህሩ ድምፅ በግራዬ መሆን ነበረበት፤ ነፋሱ ሁሉም ጋ አደረገብኝ።»

ቀልቤ ተገፈፈ። ጠባቂው ነው ቀድሞኝ የተናገረው፦ «እናታችን፣ አያዩም እንዴ?»

«ጥላ ጥላ አያለሁ» አሉት። ከዚያ ለእኔ፦ «አባትሽን አትቆጪው። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ይሄንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሐኪሟ መብራት እያበራች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የቀኙ ዓይን ሞራ ነው፣ ይነሳል። የግራው የዓይን ግፊት ነው፤ ነርቩ ሞቷል፣ ምንም አይደረግለትም። «ከዓመት በፊት ብታመጧቸው ኖሮ» አለች። «አብራችሁ አይደለም እንዴ የምትኖሩት?»

አብረን ነው የምንኖረው። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ቋጥኞቹ ጋ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን ብዬ ጽፌያለሁ። ግድግዳውንማ አጥቤዋለሁ። መንገዳቸውን በጣታቸው ሲፈልጉ እኔ ከኋላ ከኋላቸው በሳሙና እየተከተልኩ!

ለአባዬ ነው የነገሩት፣ ለማንም ያልነገሩትን። ጨው የገባበትን ሻይ ጠጥቶ ሲጨርስ ብቻቸውን አግኝቷቸው «ወይዘሮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?» ብሎ ጠየቃቸው። በመጀመሪያው ቀን። በአንድ ብርጭቆ ሻይ።

«ለምን ደበቁን?» አልኳቸው።

«ልጄ ሹፌር ነው» አሉኝ። «እናቴ ታወረች ብሎ እያሰበ ያንን ሁሉ ሰው ጭኖ ገደል ለገደል እንዲነዳ አልፈልግም።»

ባሌ የዚያኑ ዕለት ማታ ደረሰ። እግራቸው ሥር ተቀምጦ ጫማቸውን ይዞ ቀረ፤ ሌላ የሚይዘው ጠፍቶት።

እኔ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ነፋሱ ነው። ባንዲራው ከሩቅ አይታይም። ጠባቂው ቀደም ብሎ ማየት ነበረበት። እነዚህን ሦስቱን ጽፌ አንዱንም አላመንኩት።

ረቡዕ 16

ዛሬ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። አጭር ነበር፤ ኮሪደሩ ግን ረጅም ነበር። አባዬና ባሌ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አልተነጋገሩም። አባዬ አብረው የጀመሩትን ልብወለድ ይዟል። «ሌባው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የገባችው» አለኝ። «ከዚያ ስትወጣ እነግራታለሁ።»

«ስትወጣ» አለ፣ «ሲወጡ» ሳይሆን።

ሰኞ 21

ፋሻው ተነሳ።

መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ባሌን፦ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» ባሌ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተበላሸበት።

አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ከድምፅህ ያነስክ ነህ» አሉት። ሐኪሟ ሳትቀር ሳቀች።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተዘጋጅቼበት ነበር የሄድኩት።

«አንቺ ደግሞ ከስተሽ አልቀሻል» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ሞልቶ አንድ እንኳ አልነገረሽም?»

ባሌ አየኝ። አባዬ አየኝ። መታጠቢያ ቤት ሄጄ መስታወት አየሁ። እውነታቸውን ነው። የማን ፊት እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

እሑድ 27

ድንጋጤ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ምሳ ላይ አራታችን ነበርን። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አሉ። «መምህርና እኔ አብረን ልንኖር ወስነናል። በእሱ ቤት።»

ባሌ ውሃ እየጠጣ ነበር። ትን አለው።

እኔ አባዬን አየሁት። «ጠየቅካቸው?»

አባዬ አንገቱን ደፋ። አማቴ ናቸው የመለሱት፦ «እሱ ጠይቆኝ አይደለም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ሦስት ቀን አስቤበት ልመለስ አለኝ፤ እንደ ልጃገረድ።»

«እማዬ!» አለ ባሌ ሳሉ ሲለቀው። «የእናቴ ባል የሚስቴ አባት ከሆነ፣ እኔና እሷ ምን ልንባል ነው? ወንድምና እህት?»

«ባልና ሚስት» አሉት አማቴ። «ሁለታችሁም መሆኑን ከረሳችሁት ቆይቷል፤ ማየት ባልችል እሰማለሁ።»

ባሌ ተነስቶ ወጣና ከሰዓቱን ሙሉ አውቶቡሱን ሲያጥብ ዋለ። ንጹህ አውቶቡስ ነበር።

እኔም መቅረት ያለበትን ቃል ተናገርኩ። «እማዬ ይሄን ሳታይ መሞቷ ጥሩ ሆነ» አልኩ። የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። አማቴ ግን ፊታቸውን አላዞሩም። በዚያች በአንዲቷ ዓይን እያዩኝ «እሱን ከእሷ ጋር እንነጋገራለን» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። የዕድሜ ነገር ነው አልኩ።

ቅዳሜ 10

ኪዮስኳን ዘጋሁ። ባህር ዳርቻው ባዶ ነው፤ ጠባቂው ወንበሩን ገልብጦ አሰረው። አለቃዬ የዘንድሮውን ሽያጭ አይታ «ለሚቀጥለውም አንቺው ነሽ» ብላ ጨበጠችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዘል ነበር።

አባዬና አማቴ ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነው። ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። አባዬ ሦስቴ ደወለ፤ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት፣ አንዱን ጊዜ አልጋ ውስጥ ሆኜ።

ባሌ እሑድ ሄዶ አያቸው። ሲመለስ አልተናደደም። «ምን አሉህ?» አልኩት።

«ስለ አንድ ልብወለድ ይጣላሉ» አለኝ። «እሷ ልጅቷ መርከበኛውን መተው ነበረባት ትላለች። አባትሽ አይሆንም ይላል። ደርሼ ቁጭ አልኩ፤ ማንም ልብ አላለኝ።» ጫማውን ሲያወልቅ ቆየና «አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ብቻዋን ስትበላ ነው የማያት» አለ። «ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ የምትኖር ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እዚያ ግን ትጮሃለች።»

እጄን ያዘኝ፤ አልነጠቅኩትም።

እሑድ 18

እማዬ ዓመቷ ዛሬ ነው። ባሌ ጉዞ ላይ ስለሆነ ብቻዬን ሄድኩ። ልነግራት ነበር የሄድኩት። ልከስስ ማለቴ ነው።

ከመቃብሩ በር ስገባ ከሩቅ ሰማያዊ ሹራብ አየሁ። የእማዬ መቃብር አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው አማቴ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን። በአንድ ዓይን ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጥተዋል። በመሀረባቸው ድንጋዩ ላይ ያለውን አቧራ ይጠርጋሉ፤ እየጠረጉ ያወራሉ።

«...ምሳውን በሰዓቱ ይበላል። ሹራቡን ደርበህ ውጣ ስለው እንቢ ይለኛል፣ አንቺንም እንዲሁ እንደነበር ነገረኝ። ቀምቼሽ አይደለም። ቦታሽ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ነኝ። ግን ሳላስፈቅድሽ መቅረቴ ከነከነኝ።»

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ጠጠር ረገጥኩ መሰለኝ፣ ዞሩ። ፈልገው፣ ፈልገው አገኙኝ።

«ነይ፤ እናንተ ቤተሰብ ኮቴያችሁ አይሰማም» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር። ምን እንደምል ስለጠፋኝ «ታዲያ ምን መለሰችልዎት?» አልኳቸው።

አሰቡበት። «ገና ነች» አሉ። «እናትሽ በሕይወት እያለችም ለእኔ ቶሎ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም።»

ሳቅኩ። እማዬ እንዲሁ ነበረች። አማቴ ስልክ ሲደውሉ እስኪሰለቻቸው ካላስጠራች አታነሳም ነበር፤ «ትጠብቅ» ትል ነበር፣ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ። ይሄንን ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ለካ ያውቁ ነበር። እንዳወቁ ነው ሲደውሉ የኖሩት።

ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ። በቀብሯ ቀን ሰው ሳስተናግድ፣ ወንበር ስደረድር፣ አባዬን ስደግፍ ነበር የዋልኩት። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለሌላው ሰው ሁሉ የማያስለቅስ መጽሐፍ ስመርጥ ከረምኩ። አሁን መሀረብ እንኳ አልያዝኩም። አማቴ ድንጋዩን የጠረጉበትን፣ አቧራማውን፣ አራግፈው ሰጡኝ።

ሰው እያለፈ ነበር። አፈርኩና ልነሳ ስል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። በበሩ በኩል መንገዱን አሻግረው አዩ፤ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ጊዜ ወስደው።

«አልቅሺ» አሉኝ። «አውቶቡሱ ገና ነው።»